መረሬ ምን ይይዛል፣ ምን ይለቃል?

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ጥቁር አፈር በየመንገዱ ዳር ተደፍቶ ይታያል። ግንበኛ አይፈልገውም። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ተዝቆ ይወጣና ቦታው በገረጋንቲ ይሞላል። ጓሮው ውስጥ ጎመንና ቆስጣ መትከል የሚፈልገው ሰው ግን ክምሩን ሲያይ ዓይኑ ይበራል። «እንዲህ የጠቆረ አፈር ለም ነው» ብሎ በጋሪ ያስጭናል። ጎመኑ ግን አይነሣለትም።

ጥቁረቱ ስለ ብስባሽ ብዛት የሚናገር ይመስላል፤ አይደለም። ይህ አፈር መረሬ ነው። በሌላ አካባቢ ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ ይባላል፤ በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። በውስጡ ያለው ኦርጋኒክ ካርቦን ብዙ ጊዜ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከመሠረት ጉድጓድ የወጣው፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ የነበረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ታዲያ ምን አጠቆረው? ያለችው ጥቂት ብስባሽ ከሸክላ ማዕድኑ ጋር እስከ ደቃቁ ቅንጣት ድረስ ተጣብቃ፣ ተሰራጭታ፣ ተይዛ ስለቀረች ነው። ትንሽ ቀለም ሰፊ ጨርቅ እንደሚያጠቁረው ማለት ነው።

ይህች «ተይዛ ስለቀረች» የምትል ነገር ብዙ ጥያቄ ትፈታለች። ምርጊት ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ፀረ አረም በድፍርስ ውሃ ሲበጠበጥ ለምን እንደሚሰንፍ፣ በላም መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሸክላ የሻጋታን መርዝ እንዴት እንደሚያስር፣ ሁሉም ከእርሷ ይመዘዛል። በእኔ እምነት ሁለት ነገር ያወቀ ሰው ሌላውን በራሱ ይገምታል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው የሸክላ ማዕድን የትኛው ነው? ወደ እርሱ የሚመጣው ውህድስ ቻርጁና ቅርጹ ምን ይመስላል?

ቃላቱን ቀድሜ ላጥራ። የሸክላ ማዕድን ስል ጀበናና ምጣድ ማለቴ ሳይሆን አፈር ውስጥ ያለውን ከ2 ማይክሮን የሚያንስ ደቃቅ ክፍል ነው። ኦርጋኒክ ስልም «ኬሚካል ያልነካው» ማለቴ አይደለም። በካርቦን ላይ የተገነባ ውህድ ሁሉ እዚህ ይገባል፤ ከፍግ የሚወጣው ጭማቂም፣ ዩሪያም፣ ፀረ አረምም፣ ቀለምም። ቻርጅ ያልኩት በመማሪያ መጽሐፍ ሙል የሚባለው ነው።

የመረሬ ዋና ማዕድን ስሜክታይት ይባላል። አንዷ ንብር 1 ናኖሜትር ገደማ ትወፍራለች፤ ከላይና ከታች የሲሊካ ንጣፍ፣ መሐል ላይ የአሉሚና ንጣፍ አላት። መሐሉ ላይ አሉሚኒየም መቀመጥ በነበረበት አንዳንድ ቦታ ማግኒዚየም ስለገባ ንብሯ በሙሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሸክማ ትኖራለች። ይህን ለማመጣጠን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም ውሃቸውን ይዘው በንብሮቹ መካከል ይቀመጣሉ። መሶብ ውስጥ እንጀራ በእንጀራ ላይ ተነባብሮ፣ ወጡ በየመካከሉ እንደሚሰርግ አድርጋችሁ አስቡት። ውሃ ሲሰርግ ንብሮቹ ይራራቃሉ፤ ቤት የሚሰነጥቀው እብጠት ይኸው ነው። በዚያው መንገድ ኦርጋኒክ ውህድም ይገባል። የአንድ ግራም ንጹሕ ስሜክታይት ገጽ የውስጡ ከውጪው ሲደመር ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ባለ 250 ካሬ ሦስት ቦታ ማለት ነው፣ በአንድ ቁንጥር ውስጥ።

ወደ እንጦጦ ስትወጡ አፈሩ ይቀላል፤ ማዕድኑም ይለወጣል። እዚያ የሚበዛው ካኦሊናይት ነው። ንብሩ 0.7 ናኖሜትር ሲሆን አንዱ ከአንዱ በሃይድሮጂን ትስስር ተጣብቋል፤ በመካከሉ ውሃም ቀለምም አይገባም። ስለዚህ የሚሠራው በውጪ ገጹ ብቻ ነው፤ በግራም ከ10 እስከ 30 ካሬ ሜትር። ፖዘቲቭ ነገር የመያዝ አቅማቸውን ብናወዳድር ስሜክታይት በኪሎ ከ80 እስከ 120 ሴንቲሞል (የቻርጅ ብዛት መለኪያ ነው)፣ ካኦሊናይት ከ3 እስከ 15 ነው። ነገር ግን ቀዩን አፈር አትናቁት። የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ አፈሩ ኮምጠጥ ሲል ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ፣ መረሬ የሚገፋቸውን ኔጌቲቭ ውህዶች እርሱ ይጨብጣቸዋል። የሁለቱ አፈሮች ጠባይ ተቃራኒ ነው።

(ላቦራቶሪዎች ስሜክታይትን የሚለዩትም በኦርጋኒክ ውህድ ነው። ናሙናውን በኤቲሊን ግላይኮል፣ ማለትም በመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ በሚገኘው ውህድ እንፋሎት ያቆዩና በኤክስሬይ ይለኩታል። ክፍተቱ ወደ 1.7 ናኖሜትር ካደገ ስሜክታይት ነው፤ በ0.7 ከቆመ ካኦሊናይት።)

ይህን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ከመድኃኒት ቤት ጂቪ እየተባለ የሚገዛው ሐምራዊ የቁስል ቀለም ነው። ቀለሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ቀይ የምግብ ቀለም፤ እርሱ ኔጌቲቭ ነው።

ሁለት ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። በየአንዳንዳቸው የደረቀና በወንፊት የተነፋ መረሬ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉ። በአንዱ 20 ጠብታ ጂቪ፣ በሌላው አንድ ቁንጥር የተበጠበጠ ቀይ ቀለም ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ በኃይል ናጡትና እስከ ነገ አስቀምጡት። በማግሥቱ የጂቪው ውሃ ጠርቶ ሐምራዊው ሁሉ ከታች አፈሩ ላይ ተኝቷል። የሌላኛው ውሃ ግን ቀይ እንደሆነ ነው። ያው አፈር፣ ያው ውሃ፤ የተለየው ቻርጁ ብቻ ነው። ቀዩ ጠርሙስ ውስጥ ጭቃው አልዘቅጥ ካለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው ይወርዳሉ፣ ቀለሙ ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል።

አሁን አፈሩ ምን ያህል ፖዘቲቭ ነገር እንደሚይዝ በቁጥር እንለካ። አፈሩን ከ40 ሴንቲሜትር በታች አውጡ፤ ከላይ ያለው ሥርና ብስባሽ ቀለም ስለሚጠጣ ውጤቱን ያዛባል። አድርቁ፣ ፍጩ፣ ንፉ። 2 ግራም መዝኑ፤ ወርቅ የሚመዘንበት ትንሽ ሚዛን ይበቃል። በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በጥብጡና አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግሥቱ እያማሰላችሁ፣ ሳይዘቅጥ፣ 10 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቅዱ። በእጃችሁ ያለው 0.2 ግራም አፈር ነው። ጓንት አድርጉ፤ ጂቪ ከቆዳም ከጨርቅም በቀላሉ አይለቅም።

በሌላ ሲሪንጅ ጂቪውን ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ በየጊዜው አንድ ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ በእንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ የቡና ፊልተር ወረቀት ላይ ጣሉ። መሐል ላይ የጠቆረ ሐምራዊ ነጥብ፣ ዙሪያውን ቀለም የሌለው የውሃ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ አፈሩ ገና ቦታ አለው። የሆነ ጊዜ ላይ በቀለበቱ ዳር ስስ ሐምራዊ ጥላ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አምስት ደቂቃ እያማሰላችሁ ጠብቁና እንደገና ጠብታ ጣሉ። ጥላው ከጠፋ ቀለሙ ገና ወደ ንብሮቹ መካከል እየገባ ነበር ማለት ነው፤ ቀጥሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ካለ፣ ቁሙ፤ የጨመራችሁትን ሚሊ ሊትር መዝግቡ።

የጂቪው ብርታት 0.5 በመቶ ከሆነ ሚሊ ሊትሩን በ6 አባዙት፤ 1 በመቶ ከሆነ በ12። የሚወጣው ቁጥር አፈሩ በኪሎ የሚይዘውን ፖዘቲቭ ቻርጅ በሴንቲሞል በግምት ይነግራችኋል። ስሌቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። 408 ሚሊ ግራም ቀለም አንድ ሚሊሞል ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 በመቶ ጂቪ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም አለ፤ ለ0.2 ግራም አፈር ሲካፈል ወደ 6 ይጠጋል። መረሬ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢወስድ 50 ነው። ቀይ አፈር 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ላይ ሊቆም ይችላል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ነው። አፈሩ በደንብ ሳይበጠበጥ ጓል ሆኖ ከቀረ ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለማይደርስ ቁጥሩ ያንሳል። ፍግ የነካው አፈር ከሆነ ቁጥሩ ይበዛል። ሦስተኛው ከላይ ያልኩት ችኮላ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥላ አይቶ ያቆመ ሰው መረሬውን ቀይ አፈር አድርጎ ይመዘግበዋል።

ወደ ጓሮው ልመለስ። ፍግ መረሬ ውስጥ ሲገባ በዓይን የማይታዩት የአፈር ደቂቅ ነፍሳት እየበሉት ሙጫ የሚመስሉ ረጃጅም ውህዶች ይሠራሉ። እነዚህ ውህዶች ማዕድኑን የሚይዙት በአንድ ነጥብ ሳይሆን በመቶ ነጥብ ነው፤ አንዱ ቢላቀቅ ሌላው ይይዛል፣ ስለዚህ በውሃ አይታጠቡም። አሲድነት ያላቸው የብስባሽ ክፍሎች ኔጌቲቭ ስለሆኑ በራሳቸው ከስሜክታይት ጋር አይስማሙም፤ ካልሲየም ግን መሐል ገብቶ በአንድ እጁ ማዕድኑን፣ በሌላው ብስባሹን ይይዛል። አንዴ በዚህ መልክ ከታሰረ የነፍሳቱ ኢንዛይም በቀላሉ አይደርስበትም። በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመር ፍግ መረሬ ላይ «ጠፋ» የሚባለው ከፊሉ ተበልቶ፣ ከፊሉ እንዲህ ተቆልፎ ነው። የታሰረው ግን ያለ ሥራ አይቀመጥም፤ ቅንጣቶቹን አያይዞ አፈሩን ያፈረፍራል፣ ውሃና አየር ያስገባል።

ስለዚህ ለአትክልት መደብ ከመንገድ ዳር የመጣውን ጥቁር አፈር የምትጠቀሙ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ኪሎ የበሰለ ብስባሽ እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት አዋህዱ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመትም ድገሙት። ወሳኙ ጊዜው ነው። መረሬ በደረቀበት ቢቆፈር ጓሉ ድንጋይ ነው፤ ብስባሹ በጓሎቹ መካከል ይቀራል እንጂ ወደ ማዕድኑ አይደርስም። በረጠበበት ቢቆፈር ይጣበቃል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይሆናል። በመዳፍ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ በአውራ ጣት ሲነካ የሚፈረፈርበት ሁለትና ሦስት ቀን አለ፤ እርሱን ጠብቁ።

ዩሪያ ራሱ ኦርጋኒክ ውህድ ነው፣ ቻርጅ ግን የለውም። ስለዚህ በተበተነ ዕለት ከባድ ዝናብ ከመጣ አፈሩ ሳይይዘው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ አሞኒየም ሲለወጥ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ መረሬም የሚይዘው ያኔ ነው።

ፀረ አረም ላይ ነገሩ ወጪ የሚያስወጣ ይሆናል። ፓራኳት ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። ስሜክታይት መሐል ሲገባ ልክ ለእርሱ የተሠራ ቦታ እንዳገኘ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ በተግባር አይወጣም። መሬት ላይ እንደወደቀ ኃይሉን የሚያጣው ለዚህ ነው። ይኸው ነገር መርጫው ውስጥም ይሆናል። በ15 ሊትር መርጫ 150 ሚሊ ሊትር ባለ 20 በመቶ ፓራኳት ስትበጠብጡ 30 ግራም መርዝ ገባ ማለት ነው። ውሃው ከቦይ ወይም ከጎርፍ የተቀዳ ሆኖ በሊትር 5 ግራም ስሜክታይት ቢይዝ፣ ጭቃው ብቻውን 7 ግራም ያህሉን ሊይዝ ይችላል። ወደ ሩቡ የሚጠጋ ገንዘብ ጠብታው ቅጠሉን ሳይነካ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ውሃውን በበርሜል አሳድራችሁ ከላይ የጠራውን ቅዱ።

ግላይፎሴት በሌላ መንገድ ይያዛል። በፎስፎኔት ጫፉ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድን አጥብቆ ስለሚይዝ የእንጦጦ ቀይ አፈር ከመረሬ የበለጠ ያስረዋል። ድፍርስ ውሃ እርሱንም ያሰንፈዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ውሃውን ለማጥራት አሉም አትጨምሩ። አሉሚኒየሙ ራሱ ግላይፎሴቱን ይይዘዋል፤ ውሃው ጠርቶ መድኃኒቱ ይሰንፋል። ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ በብዛት የገባበት ቀይ አፈር ደግሞ ለቦታው ስለሚሻማው ግላይፎሴትን ቀለል አድርጎ ይይዛል።

በጤፍና በስንዴ ማሳ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። በማሳ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ላይ ኔጌቲቭ ስለሆነ መረሬ ይገፋዋል እንጂ አይይዘውም። ድፍርስ ውሃ ብዙም አይጎዳውም፣ መሬት ላይ ግን ከውሃ ጋር ይጓዛል። መረሬው ገና ስንጥቁ ሳይዘጋ ተረጭቶ ዝናብ ቢከተል በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ከአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ይህን ማሰብ ግዴታ ይመስለኛል። ደመና ባረገዘበት ቀን፣ ስንጥቁ እጅ በሚያስገባበት መሬት ላይ አትርጩት።

ጭቃ ቤትም ኦርጋኒክና ሸክላ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ቀይ አፈር ለምርጊት የሚመረጠው ካኦሊናይቱ ብዙም ስለማያብጥና ስለማይኮማተር ነው። ጭድ ስንጥቅን በአካሉ እንደሚይዝ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ጭቃው ተቦክቶ ሲያድር የሚሆነውን ነው። ጭዱ ሲብላላ ስኳሮችና ኮምጣጣ ውህዶች ይለቃል፤ ነፍሳቱ ልጋግ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ኔጌቲቭ የሆኑት ውህዶች የካኦሊናይቱን ፖዘቲቭ ዳርና የብረት ኦክሳይዱን ይሸፍናሉ። እርስ በርስ ይሳሳቡ የነበሩ ቅንጣቶች ይላቀቃሉ፤ ጭቃው ያው ውሃ እያለው ይለሰልሳል። ባለሙያው በትንሽ ውሃ የሚታዘዝ ጭቃ አገኘ ማለት ነው። ውሃው ካነሰ ሲደርቅ የሚኮማተረው ያንሳል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል። ልጋጉ ደግሞ ሲደርቅ ሙጫ ሆኖ ግድግዳው በእጅ ሲነካ እንዳይቦን ይይዘዋል።

የማብላላቱ ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። እንዳይደርቅ ውሃ እየረጩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ማገላበጥ ነው። የሽታው መክረር ሥራው እየሄደ መሆኑን ይነግራል። ከዚህ ካለፈ ግን ጭዱ ራሱ በስብሶ ክሩ ይጠፋል፤ ሙጫ አለ፣ ማገጃ የለም። እኔ የምመክረው ጭዱን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ መጀመሪያ ገብቶ ይብላላ፣ ግማሹ በሚመረግበት ቀን ደረቁን ይግባ። መጠኑን ለማወቅ ግድግዳው ላይ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች ሁለት ሴንቲሜትር አወፍራችሁ መርጉ፤ ለአንዱ በአራት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ጭድ፣ ለሌላው በሦስት አንድ፣ ለሦስተኛው በሁለት አንድ። ሳምንት በጥላ ሲደርቁ ያልተሰነጠቀውንና በጥፍር ሲፋቅ ያልቦነነውን ምረጡ። ያላችሁ መረሬ ብቻ ከሆነ አንዱን እጅ አፈር ከሁለት እጅ አሸዋ ጋር አዋህዱት፤ ከዚያ ያነሰ አሸዋ ስንጥቁን አያስቀርም። ወለል ለመለቅለቅ እበትና የተነፋ ቀይ አፈር እኩል ለእኩል ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ማስተዋል የሚሻው የላም መኖ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለውን ወተት የመረመረ ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች በ29ኙ ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም ዋን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ አግኝቷል። የአውሮፓው ጣሪያ 0.05 ነው፤ ከእርሱ ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ በእርጥበት ሲቀመጥ ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ ዋን ያፈራል፤ ላሟ በልታ ከመቶው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆነውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ኤም ዋን ለውጣ በወተቷ ታወጣዋለች። ማፍላት አያጠፋውም።

ስሜክታይት ይህን መርዝ የሚይዘው ፓራኳትን እንደያዘው በቻርጅ መሳሳብ አይደለም፤ አፍላቶክሲን ቻርጅ የለውም። ጠፍጣፋ ነው፤ በአንድ ወገኑ ሁለት የኦክስጅን ጫፎች አሉት። በንብሮቹ መካከል ሲተኛ እነዚያ ጫፎች እዚያ ያለውን ካልሲየም በቀጥታ ወይም በውሃው በኩል ይይዛሉ። ቅርጹ ባይመች አይያዝም፤ ለዚህ ነው እንደ ፉሞኒሲን ያሉ ሌሎች የሻጋታ መርዞችን ሸክላው በደንብ የማያስራቸው። «ሁሉንም መርዝ ይይዛል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ለመኖ የሚሆነው ቤንቶናይት የሚባለው፣ ስሜክታይት የሚበዛበት ሸክላ ነው። የአውሮፓ ደንብ ቢያንስ 70 በመቶ ስሜክታይት እንዲሆንና በላቦራቶሪ ፍተሻ ከ90 በመቶ በላይ አፍላቶክሲን እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ጣሪያውም በኪሎ ሙሉ መኖ 20 ግራም ነው። መጀመሪያ በአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ ይበቃል። አንዱን ኪሎ ኩንታሉ ላይ በቀጥታ ብትበትኑት አንዷ ላም ብዙ፣ ሌላዋ ምንም ታገኛለች፤ አስቀድማችሁ ከአምስት ኪሎ ፉርሽካ ጋር አዋህዱት፣ ከዚያ ድብልቁን ከሃያ ኪሎ መኖ ጋር፣ በመጨረሻ ከቀሪው ጋር።

ከመንገድ ዳር የተዛቀውን መረሬ ግን በምንም መንገድ ለከብት አትስጡ። ማዕድኑ ስሜክታይት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንብሮቹ መሐል ያለው ቦታ ከፊሉ አስቀድሞ በብስባሽ ተይዟል፣ ለመርዙ የሚቀረው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አፈር የአባ ሰንጋን ዘር ለዓመታት ይዞ ይቆያል፤ የመኪና ዘይትና ቆሻሻ ከተደፋበት የሚይዘው ነገር ደግሞ ወደ ወተቱ ይሻገራል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መኖ እንዳይጓጎል የገባ ሸክላ ከመሬት ሲወጣ ጀምሮ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይዞ ተገኝቶ ዶሮና ዓሣ ተበክሎ ነበር። አጥብቆ የሚይዝ ማዕድን መልካሙን ብቻ መርጦ አይዝም።

ሸክላ ስለገባ ብቻ የሻገተ ፋጉሎ መግዛት አይቻልም፤ ስሌቱ ይኸውና። ላም በቀን ሁለት ኪሎ ፋጉሎ ብትበላ፣ በኪሎው 300 ማይክሮ ግራም ቢኖር፣ 600 ገባ። ሁለት በመቶው ወደ ወተት ቢሄድ 12 ነው። በቀን 10 ሊትር ብትታለብ በሊትር 1.2 ማይክሮ ግራም ይደርሳል። ሸክላው ግማሹን ቢይዝ እንኳ 0.6 ይቀራል፤ አሁንም ከአውሮፓው ጣሪያ 12 እጥፍ ነው። የሻገተው ፋጉሎ ከተቋረጠ ግን ወተቱ በሦስትና በአራት ቀን ይጠራል። ስለዚህ አስቀድሞ ደረቅ ፋጉሎ መግዛት፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ መደርደር፣ በክረምት ከአንድ ወር በላይ አለማከማቸት፤ ቤንቶናይቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ላሟ ወይም ጥጃዋ እንደ ታይሎሲን ያለ አንቲባዮቲክ በአፍ የምትወስድ ከሆነ ቤንቶናይቱን አቁሙ፤ መድኃኒቱንም አብሮ ያስረዋል።

በሙከራው ማብቂያ የተረፈውን ጂቪ ወደ ቦይ አትድፉት። 20 ሚሊ ሊትር ያህል ከቀረ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነፋ መረሬ ጨምሩበት፤ አምስት ደቂቃ ናጡት፣ አሳድሩት። በማግሥቱ ውሃው ከጠራ ከላይ አፍስሱት፤ ሐምራዊነት ከቀረበት አንድ ማንኪያ ጨምራችሁ ድገሙት። ከታች የቀረውን ጭቃ በፌስታል ቋጥራችሁ ከቤት ቆሻሻ ጋር ጣሉት እንጂ ወደ ጎመኑ መደብ አትመልሱት።